ሠላሳው ቤት ሁሉ እሺ ያለኝ ጊዜ

አባዬ፣ የኔ አባት፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ረመዳንን ያላንተ ጾምነው፣ አረፋም መጥቶ ሄደ፣ አሁን ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ የጦሳ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚወርደው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብትለኝ እኔንጃ፣ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። ለእማ ብነግራት ታለቅሳለች፣ ለጎረቤት ብነግር ወሬ ይሆናል፣ ሳታቋርጠኝ የምትሰማኝ አንተ ብቻ ነበርክ፣ ጥጥህን እየነደፍክ አንገትህን ነቅነቅ እያደረግክ። ስለዚህ ባንድ ትንፋሽ ልንገርህ፣ ካቆምኩ እፈራለሁ።

የቤቱን ላስቀድም። እማ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ነው እንጂ። እዚህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ያ ከቤታችን ፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ሁለት ወር ሙሉ በጣውላ ስንሻገር ከረምን፣ አሁን ድንጋይ ተነጠፈበት። ልብስህን እንደ ደንቡ ሰደቃ ሰጠነው፣ ያን ቡናማ ኮትህን የወሰዱት ሰውዬ አንዳንዴ በበራችን ሲያልፉ እማ ከጀርባቸው ታያቸውና ወደ ውስጥ ትገባለች። ጥጥ የምትነድፍበትን ደጋንህን ግን አልሰጠንም። ፍራሽ አዳሽ ብሎ የሚጠራም ሰው እየጠፋ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ስፖንጅ ገዛ።

አሁን የፈራሁትን ልንገርህ። አንተ እያለህ ልጄ አረብ አገር ከምትሄድ ድንጋይ ቆርጥሜ አድራለሁ ትል ነበር። አንተ ስትሄድ አረብ አገር የሚልክ ደላላ ከሐርቡ መጣ። ለእማ ጥሩ ጥሩውን አወራላት፣ አንዲት አሮጊት መጠበቅ ነው ሥራው፣ ሌላ ነገር የለበትም አላት። እማም ምን ታድርግ፣ እኔ ሥራ የለኝ፣ እሷ ጉልበት የላት። እኔ ግን የሐርቧ አክስቴ ልጅ ሰአዳ ሄዳ ስትመለስ አይቻታለሁ፣ አሁንም በር ሲንኳኳ ተነስታ ጥግ ትይዛለች። እሷን እያየሁ እንዴት ልሂድ። እምቢ ማለት ደግሞ አልሆነልኝም፣ በኛ ቤት ማን ለማን ፊት ለፊት እምቢ ብሎ ያውቃል። ኢንሻ አላህ አልኩት። እሱም እሺ አለች ብሎ ፓስፖርቴን ሊያስወጣ ተነሳ።

ለፓስፖርቱ መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ስሄድ ነው ወረቀቱን ያየሁት፣ በሩ ላይ ተለጥፎ። እኔ ማንበብ ስለሚያዘግመኝ እዛ የምትሠራዋን ልጅ ምን ይላል አልኳት። ሥራ የሌላችሁ ወጣቶች የሥራ ሐሳብ ይዛችሁ ኑ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያማክራችሁ መምህር ይመድብላችኋል፣ መጨረሻ ላይ የተመረጡት የመሥሪያ ሼድ ያገኛሉ፣ አለችኝ። ስንተኛ ክፍል የደረሰ ነው የሚለው? አልኳት። እሱን አይልም አለችኝ። እሱን ካላለ አልኩና፣ ምን ልበልህ፣ እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ።

የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ጥበቃው ማንን ነው የፈለግሽው ሲለኝ ልመለስ ነበር። ገባሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዲግሪ ያለው ነው አባዬ። ሲቪል ተምሮ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ አካውንቲንግ ጨርሳ አራት ዓመት ቤት የተቀመጠች አለች። እኔ ሥራ ያጣሁት አምስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የተማሩትም እኔው አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ተጽናናሁም ደነገጥኩም፣ እነሱ ያላገኙትን እኔ ከየት አገኘዋለሁ ብዬ። ሐሳባችሁን በየተራ ተናገሩ ተባለ። አንዱ ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር አለ፣ አንዱ ዶሮ አለ። የኔ ተራ ሲደርስ ፍራሽ አልኩ፣ በቃ፣ ፍራሽ ብቻ። ሳቁ። ያ ባጃጅ የሚነዳው ምነው እህቴ፣ ሥራ አጥተን ቀን ቀን የምንተኛው አነሰና ነው? አለ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ከፊት ከተቀመጡት መምህራን ግን አንዷ አልሳቀችም፣ ይቺን ልጅ ለኔ ስጡኝ አለች። መምህርት ሕይወት ትባላለች። አገሯ ወደ አርባ ምንጭ ነው፣ ደሴ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፣ ብርዱ ገና አልለቀቃትም፣ በሐምሌ ሁለት ሹራብ ደርባ ነው የምትውለው። ሜንተርሽ ነኝ አለችኝ፣ ምን ማለት ነው ስላት አብሬሽ የምፈራ ማለት ነው አለችኝ። ወደድኳት።

ቤታችን መጣች። እማ ምንጣፍ ላንጥፍ ስትል እሷ አንተ ለእማ የሠራኸው ፍራሽ ላይ ቁጭ አለችና መነሳት እምቢ አለች። ወላሂ እልሃለሁ፣ እየጻፈች ጋደም አለች፣ ከዛ ጭራሽ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ አፍራ ይሄን ማን ነው የሠራው አለች። አባቴ፣ አላህ ይማረው አልኳት። ምን ሆነው ሞቱ አለች። ሳል አልኳት። ጣራውን ቀና ብላ አየችው፣ የጥጡ ብናኝ እንደ ሸረሪት ድር የተንጠለጠለበትን። በነጋታው ማስክ ይዛልኝ መጣች፣ ያለሱ ደጋኑን እንዳትነኪ ብላ አስማለችኝ። ላንተ እንዲህ የሚልህ ሰው ሳይኖር መቅረቱ ቆጨኝ።

ስንነጋገር ስንነጋገር መከዳ ይሁን ተባባልን፣ ዘንድሮ በየቤቱ መጅሊስ የሚሉት የመሬት መቀመጫ ነው፣ ሰው ሁሉ መሬት አንጥፎ መደገፍ ይወዳል። ከዛ እሷ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ሠላሳ ቤት ሂጂና ትገዛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ እሺ ያለሽን በዚህ በኩል፣ እምቢ ያለሽን በዚያ በኩል ምልክት አድርጊ አለችኝ፣ ገበያ እንዲህ ነው የሚታወቀው አለች።

ከቧንቧ ውሃ ጀምሬ ሆጤ ሰፈርን ዞርኩት፣ አንተ የምትዞረውን መንገድ። የሰይድ ልጅ ነኝ ስል በሩ ሁሉ ይከፈታል። ግቢ ይሉኛል፣ ቅመሺ ይሉኛል፣ ሳልቀምስ ማን ይለቀኛል፣ ስድስተኛው ቤት ስደርስ መተንፈስ አቃተኝ። መከዳ ልሠራ ነው፣ ትገዙኛላችሁ? እላለሁ። አብሽሪ፣ አይዞሽ! የሰይድ ልጅ ሠርታ ካንቺ ያልገዛን ከማን ልንገዛ ነው፣ ኢንሻ አላህ፣ አላህ ያሳካልሽ፣ ይሉኛል። በእሺ በኩል አንድ ምልክት። አንዲት እናት ጭራሽ ግንባሬን ሳሙኝ። በእሺ በኩል ሌላ ምልክት።

ሦስት ቤት ብቻ ተቆጡኝ። የሆጤዋን እትዬ አስካለን ታውቃቸው የለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያሉትን። ገና አፌን ስከፍት፣ ሂጂ ወዲያ፣ መከዳ ምን ያደርግልኛል! ባለቤቴ ታደሰ አልጋ ከያዘ ከረመ፣ ይሄ ስፖንጅ የሚሉት መሃሉ ሰርጉዶ ጀርባውን አቆሰለው፣ አባትሽ ቢኖር ጠንከር አድርጎ እኩል አድርጎ ይሠራልኝ ነበር፣ አንቺ መከዳ ትይኛለሽ! አሉኝ። ሌላዋ አራስ ናት፣ እሷም ወገቤ ተቆረጠ ብላ ጮኸችብኝ። ሦስተኛው አንድ ሸኽ ናቸው፣ ፍራሹን ትተሽ መከዳ መስፋት ማን አስተማረሽ ብለው አባረሩኝ። እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን በእምቢ በኩል ልጻፋቸው ብዬ እርሳሱን አነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለ። ያንተ ደንበኞች ናቸው፣ እምቢ አሉ ብዬ ለባዕድ ሰው ስማቸውን ማስነሳት ነውር መሰለኝ። በእሺ በኩል ጻፍኳቸው። ሠላሳ ከሠላሳ።

መምህርት ሕይወት ወረቀቱን አይታ አቀፈችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ አንድም እምቢ የለም! ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አሳየች። ደስታዋን ሳይ ልንገራት ቃጣኝ፣ ግን የተማረች ናት፣ ታውቃለች አልኩና ተውኩት።

ጥጡን ከኮምቦልቻ አመጣን፣ ፋብሪካ የሚጥለውን ተረፈ ጥጥ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን ሲል አንተ ትዝ አልከኝ። ሠላሳ መከዳ ሰፋሁ። ጣቴ እስኪያብጥ ነው የሰፋሁት፣ ማስኬን አድርጌ፣ እማ ስትስቅብኝ፣ ሐኪም መሰልሽ እያለች።

ከዛ ተሸክሜ ወጣሁ። እሺ ያሉኝ ቤቶች በሩን ይከፍታሉ፣ ማሻ አላህ ይላሉ፣ እጅሽ ይባረክ ይላሉ፣ ቅመሺ ይላሉ። መከዳውን ግን አይወስዱም። ባለቤቴ ይምጣ። ለልጄ ሠርግ ኢንሻ አላህ። ጁምዓ ብቅ በይ። ጁምዓ ብቅ እላለሁ፣ አብሽሪ፣ የሚቀጥለው ጁምዓ። ሁለት ብቻ ተወሰደልኝ፣ አንዱን ጎረቤታችን ናት አዝናልኝ የወሰደችው። የቀረው ቤታችን ተከመረ፣ አልጋው ላይ፣ አልጋው ስር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። እማ በመሃሉ እየተሻገረች እንግዲህ መቀመጫ ሞልቷል፣ የጎደለን እንግዳ ነው አለችኝ። ደላላውም በዚያው ሰሞን ደወለ፣ ቪዛሽ ወጥቷል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነሽ አለ።

መከዳው መሃል ቁጭ ብዬ ነው የዛ ቀን ነገር ትዝ ያለኝ። አስር ዓመት ይሆነኝ ነበር፣ ጆንያውን ይዤልህ ሆጤን ስንወጣ። አንድ ሰውዬ ከሱቁ ሆኖ፣ አብሽር ሰይድ፣ ጁምዓ ና፣ ሦስት ፍራሽ አለኝ ብሎ ውሃ አጠጣን፣ መረቀን። ትንሽ እልፍ ስንል አንዲት ሴትዮ ወጥታ፣ አንተ ሌባ፣ ባለፈው ያደስከው ጎበጠ! ብላ መንገድ ላይ ሰደበችህ። እኔ አለቀስኩ። አንተ ግን ደስ ብሎህ ትስቃለህ። ልጄ፣ ያ ሰውዬ ደግ ሰው ነው፣ ከሱ ምርቃቱን ወስደናል፤ ይቺ ግን ነገ እንድናድስላት ፍራሿን ፀሐይ ላይ ታወጣልናለች፣ አልከኝ። በነጋታው ስንሄድ እውነትም ፍራሿ አጥሯ ላይ ተሰጥቷል።

ይሄን እያወቅኩ ነው ሠላሳ ምልክት ያደረግኩት። ልጅህ ሆኜ። አፈርኩ አባዬ።

ለመምህርት ሕይወት ልንገራት ብዬ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ተስፋዋን የምገድልባት መሰለኝ፣ ከዚያም በላይ ውሸታም ናት ብለው ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ፣ ከተባረርኩ ደግሞ ሼዱ ቀረ፣ ሼዱ ከቀረ አውሮፕላኑ ነው። እንዲህ እንዲህ ስል የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ።

ኮምቦልቻ ነበር። ሙቀቱ፣ የሰዉ ብዛት። ዳኞች አምስት ናቸው፣ አንዱ የኮምቦልቻ ነጋዴ ሽማግሌ፣ ጋቢ አጣፍተው። ስሜ ሲጠራ ቆምኩ፣ ግድግዳው ላይ በመብራት ትልቅ ጽሑፍ መጣ፣ ሠላሳ ከሠላሳ ይላል፣ እኔም እንኳ ሳላዘግም አነበብኩት። መምህርት ሕይወት ከታች ሆና በአውራ ጣቷ አይዞሽ ትለኛለች። ያጠናሁትን ልጀምር አልኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ይሄ ልክ አይደለም አልኩ።

ከዛ ማቆም አልቻልኩም። እሺ ብለውኛል እሺ ማለታቸው ግን አይደለም፣ መርቀውኝ ነው፣ ሦስቱ እንዲያውም ተቆጥተውኛል እኔ ነኝ እሺ አሉ ብዬ የጻፍኩት፣ መምህርቴ አታውቅም፣ እሷን አትቆጧት፣ ሃያ ስምንት መከዳ ቤቴ አለ፣ አልኳቸው፣ ሁሉንም ባንዴ።

ሽማግሌው ሳቅ ጀመሩ። ጋቢያቸው እስኪወርድ ሳቁ። አብሽሪ ብለውሽ ነዋ! አሉ፣ ልጄ፣ እኔን በዚች ከተማ አብሽር ያለኝ ሰው ሁሉ ቢገዛኝ ኖሮ ዛሬ ሐረጎን በአስፋልቱ ሳይሆን በራሴ አውሮፕላን ነበር የምወጣው! አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፣ ወሎዬው በተለይ። መምህርት ሕይወት ብቻ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዛ ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉና፣ እሺ፣ እነዚያ የተቆጡሽ ምን ብለው ነው የተቆጡት? አሉኝ።

እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ነገርኳቸው። ስለ ጋሽ ታደሰ ጀርባ፣ ስለ አራሷ ወገብ፣ ስለ ሸኹ። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ስፖንጁ ለምን እንደሚሰረጉድ፣ ጥጡ በደንብ ተነድፎ እኩል ከተኛ እንዴት ጀርባን እንደሚይዝ፣ በየጊዜው ተፈትቶ ፀሐይ ሞቆ መልሶ እንዴት እንደሚታደስ። አንተ ያስተማርከኝን ነው የነገርኳቸው እንጂ ከወረቀት ምንም አላነበብኩም። እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

አንደኛ አልወጣሁም አባዬ፣ እንዳትሳሳት። አንደኛ ዶሮው ወጣ። እኔን መጨረሻ ላይ ጠሩኝ፣ ሙሉ ሼድ ሳይሆን የሼድ ጥግ፣ ለአንድ ዓመት፣ ፈሳሽ ሳሙና ከሚሠሩ ሁለት ልጆች ጋር። መከዳውን ተይው፣ ሥራሽ የበሽተኛና የአራስ ፍራሽ ነው አሉኝ። ጥጤ አሁን ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ልጆቹም ሳሙናችሁ ውስጥ ጥጥ ገባ ተብለው ተቆጥተውኛል።

ስንመለስ መምህርት ሕይወት ሐረጎን እስክንጨርስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየች። ተቀይማኛለች ብዬ ሞትኩ። አናቱ ላይ ስንደርስ፣ እኔ ገበያ አስተምራለሁ፣ አገሩን ግን አልጠየቅኩትም አለች። ከዛ ቦርሳዋን ከፍታ ያን ወረቀት አወጣችና እሺና እምቢ የሚለውን ሰረዘችው፣ ከታች ምን ብለው ተቆጡ? ብላ ጻፈች። አሁን ለሌሎቹም ልጆች የምትሰጠው እሱን ነው። በየሳምንቱ ሼዱ ድረስ ትመጣለች፣ ማስኬን ታያለች፣ ወረቀት ሰጥታ አንብቢ ትለኛለች፣ አነብባለሁ።

ደላላው ደወለ። እማ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። አልሄድም አልኩት። ኢንሻ አላህ ብለሽኝ አልነበር ወይ አለ። ብዬሃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁን ግን አልሄድም አልኩት። ያን ቃል ለሰው እንዲህ ደረቁን ብዬው አላውቅም። እማ ደስም አላላት፣ አላለቀሰችም። እንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ አለችና መከዳዎቹን ገፋ ገፋ አድርጋ አጠገቤ ቦታ ሠራች። እሷም ትፈራለች፣ እኔም እፈራለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ሼዱን ይወስዱብኛል፣ ሥራው ይበቃናል አይበቃንም፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ግን አገሬ ሆኜ እፈራለሁ።

ትናንት የጋሽ ታደሰን ፍራሽ አስረከብኩ። እትዬ አስካለ በእጃቸው ዳብሰው ዳብሰው በእግሩ በኩል ጎድሏል፣ አባትሽ እንዲህ አያደርግም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጎድሏል። ጋሽ ታደሰን አገላብጠን አስተኛናቸው፣ መናገር አይችሉም፣ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቅዳሜ መጥተሽ የእግሩን ሙይልኝ አሉኝ። ሰዓቱንም ነገሩኝ።

እዛው ሆኜ የመጨረሻውን ስፌት ሳስር ፋቲሃ ቀራሁልህ፣ የክርስቲያን ቤት ስለሆነ በሆዴ። እንዲህ ነው የማስብህ አባዬ። በየፍራሹ አንድ ፋቲሃ፣ ይሄን ቃል ገብቼልሃለሁ፣ እስላም ቤትም ይሁን ክርስቲያን ቤት፣ የበሽተኛም ይሁን የአራስ። አላህ መኝታህን ያለስልስልህ። ሴት መቃብር አትገባም ስለሚሉ የሚቀጥለው ሳምንት ጁምዓ ከአስር ሶላት በኋላ እስከ አጥሩ ድረስ እመጣለሁ፣ ቆሜ ስለ ቅዳሜው እነግርሃለሁ።

ልጅህ ሀያት